አሉሚኒየሙ ከብልቃጡ ነው፦ በደም ሥር ምገባ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሽሮው በአሉሚኒየም ድስት መሠራቱ የሚያስጨንቀው አስታማሚ፣ ከጎንደር ፒያሳ ገዝቶ ያመጣው፣ በደም ሥር በከረጢት ለሚሰጠው ምግብ የሚጨመረው የካልሲየም ብልቃጥ አያሳስበውም። በአፍ ከገባው አሉሚኒየም ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በደም ሥር የገባውን ግን የሚያግደው የለም፤ ኩላሊት ያላስወገደው አጥንት ውስጥ ተቀምጦ አዲሱ አጥንት እንዳይጠነክር ያደርጋል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይብሳል።

ካልሲየም ሁሉ አንድ ነው ማለት። ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለው የካልሲየም ዓይነት በመስታወት ታሽጎ ከጀርም ለማጽዳት በከፍተኛ ሙቀት ሲያልፍ ከመስታወቱ አሉሚኒየም ይስባል፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆይም ይጨምራል። የፕላስቲኩ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ካልተገኘ፣ ከመስታወቱ በቅርብ የተመረተውን ይምረጡ።

ሳያሰሉ መቀላቀል። በአሜሪካ ደንብ የምግቡ ፈሳሾች የሚመጡባቸው ትላልቆቹ ከረጢቶች በሊትር ከ25 ማይክሮግራም አሉሚኒየም ማለፍ የለባቸውም፤ ትንንሾቹ ብልቃጦች ግን መጠኑን ይጻፉ እንጂ ጣሪያ የላቸውም። ጉዳቱም ያለው እዚያ ነው። 1.2 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 3 ሚሊ ሊትር ግሉኮኔት ታዘዘለት እንበል። ብልቃጡ በሊትር 5,000 ማይክሮግራም አሉሚኒየም ካለው፣ በ3 ሚሊ ሊትር 15 ማይክሮግራም ገባ፤ ለ1.2 ሲካፈል በኪሎ 12.5። አደገኛ የሚባለው በቀን በኪሎ ከ4 እስከ 5 ሲያልፍ ነው። ሌላው ብልቃጥ ገና አልተደመረም! የተጻፈው ቁጥር የመጠቀሚያው ጊዜ ሲያልቅ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ስለሆነ ትክክለኛው ሊያንስ ይችላል። ምንም ካልተጻፈበት ግን ዜሮ ነው ብለው አይለፉት።

አሉሚኒየሙን ፈርቶ የአጥንት ማዕድናት የሆኑትን ካልሲየምና ፎስፌትን መቀነስ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አሉሚኒየም የሸሸ አጥንት በማዕድን እጥረት ይሰበራል። የሚቀየረው ብልቃጡ ነው፤ ልኩ አይነካም።

በግሉኮኔት ፋንታ ሌላውን ዓይነት፣ ካልሲየም ክሎራይድን፣ በዚያው ሚሊ ሊትር መተካት። አሉሚኒየሙ ያንሳል፤ ነገር ግን 10 ሚሊ ሊትር የ10 ፐርሰንት ግሉኮኔት 93 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲይዝ፣ ያው መጠን የ10 ፐርሰንት ክሎራይድ 272 ይይዛል። ከፎስፌት ጋርም ቶሎ ይረጋል፤ የረጋው ደቃቅ ነጭ ነገር ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ፎስፌቱ ቀድሞ፣ ካልሲየሙ መጨረሻ ላይ በደንብ እየተናጠ ይግባ። ከረጢቱንም የምግቡ ክፍል የሆነው ነጭ ቅባት ከመጨመሩ በፊት ብርሃን ላይ አንሥተው ይዩት፤ ቅባቱ ካነጣው በኋላ ምንም አይታይም።

የጡት ወተቱ እየጨመረ ከረጢቱን እንዳለ መተው። ሕፃኑ በአፉ የወሰደው ሚሊ ሊትር በየቀኑ ከደም ሥሩ ይቀነስ።