ሞንትሪያል ለትምህርት የምትመጡ፣ ይቺን ያዙ

ካናዳ ሁለት የሥራ ቋንቋ አላት ሲባል ሁሉም ቦታ ሁለቱም እኩል ይነገራሉ ማለት አይደለም። ሞንትሪያል ባለችበት የኬቤክ ክፍለ ሀገር ውስጥ በሕግ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ማክጊል ወይም ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከግቢ ስትወጡ ግን የመንገዱ ምልክት፣ የሜትሮው ማስታወቂያ፣ ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ ውሉም ፈረንሳይኛ ነው። (የውሉ ፎርም የእንግሊዝኛ ቅጂ አለው፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ።)

ሱቅ ስትገቡ «ቦንዡር፣ ሃይ» ይሏችኋል። በየትኛው እንደምትመልሱ እየጠበቁ ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ «ሃይ» ስል ከረምኩና ፈረንሳይኛዬ ባለበት ቀረ። እናንተ «ቦንዡር» በሉ። ስትኮላተፉ ሲሰሙ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩላችኋል፣ ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ ሊያግዟችሁ ብለው ነው፤ ያኔ ሳታፍሩ «አን ፍራንሴ፣ ሲል ቩ ፕሌ» (በፈረንሳይኛ፣ እባክዎ) በሏቸውና ቀጥሉ። አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፣ የቸኮለ ካልሆነ በቀር። ከኋላችሁ ረጅም ሰልፍ ካለ ግን ይቅርባችሁ።

ደግሞ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የተማራችሁ፣ የምግብ ሰዓት እንዳይሸውዳችሁ! በፈረንሳዮቹ አነጋገር «ዴዤኔ» ምሳ፣ «ዲኔ» እራት ነው። እዚህ «ዴዤኔ» ቁርስ፣ «ዲኔ» ምሳ፣ «ሱፔ» እራት ነው። የክፍል ጓደኛዬ «ዲኔ» ብላ ቤቷ ጋበዘችኝ፣ እኔ ሆዬ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ኬክ ይዤ ከች። ምሳው ካለቀ ቆይቷል፣ ሳህኑም ታጥቧል።