አይስላንድን በጥቂት ቀናት ለመጎብኘት

ለአይስላንድ ሦስት ወይም አራት ቀናት ብቻ ያለው ጎብኚ፣ ደሴቲቱን የሚዞረውንና ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን አውራ ጎዳና ለመጨረስ ከመጣደፍ ይልቅ፣ ማደሪያውን በዋና ከተማዋ በሬይኪያቪክ አድርጎ በየቀኑ ደርሶ መልስ ቢጓዝ ይሻለዋል። አንዱን ቀን «ወርቃማው ክብ» ለሚባለው መስመር ይመድቡ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ930 የአገሪቱ ሸንጎ የተመሠረተበት ሲንግቬትሊር፣ በየጥቂት ደቂቃው የፈላ ውኃ ወደ ሰማይ የሚተፋው ስትሮኩርና ታላቁ የጉልፎስ ፏፏቴ የሚገኙት በዚሁ መስመር ነው። ሌላኛው ቀን ለደቡቡ ጠረፍ ይሁን። በሬይኒስፍያራ ጥቁር አሸዋ ላይ ሲቆሙ ግን ፊትዎን ከባሕሩ አያዙሩ፤ ጸጥ ያለ የሚመስለው ሞገድ ድንገት ተነሥቶ ሰው ጠልፎ ይወስዳል።

በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ለአንድ ቀን ከሁለት ቦታ በላይ ባይታቀድ ይመረጣል። መኪና የሚከራዩ ከሆነ በሩን ሲከፍቱ አጥብቀው ይያዙት፤ ነፋሱ በር ይገነጥላል፣ ብዙ የኪራይ መድኖችም ይህን ጉዳት አይሸፍኑም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው ቪዛ፣ ያስፈልገዋል፤ በሌላ የሸንገን አገር የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ለአጭር ጉብኝት ተጨማሪ ቪዛ አይጠየቅም።