ከኤሲኤል ቀዶ ጥገና በኋላ ጭናችሁ መመለሱን እንዴት ትለካላችሁ?

የኤሲኤል፣ ማለትም ጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው ጅማት፣ ቀዶ ጥገና ያደረገ ተጫዋች ሁሉ ወር ይቆጥራል። ወር መቁጠሩ ጥሩ ነው፣ ከ9 ወር በፊት ወደ ሜዳ አትቸኩሉ። ግን 9 ወር ሞልቶትም የፊት ጭኑ ገና የከሳ ልጅ አለ፣ ስለዚህ እንለካ።

መጀመሪያ ሜትር። ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ለስላሳው ይበቃል። በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ዘርጉና ጡንቻውን ልቀቁት። ከጉልበት ሎሚ የላይኛው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለኩና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሜትሩን እዚያ ላይ አዙሩት፤ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቀው። ከዚያ ጤነኛውን እግር በዚያው ከፍታ። ጭን ወደ ላይ ሲኬድ ስለሚወፍር ምልክቱ ትንሽ ከፍ ካለ ያልመጣ ጡንቻ መጣ ብላችሁ ትደሰታላችሁ።

ሜትር ደግሞ ይሸውዳል። እብጠቱንም ስቡንም የኋላ ጭኑንም አንድ ላይ ነው የሚለካው። ቁም ነገሩ ኃይሉ ነው።

ፊዚዮአችሁ፣ ማለትም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያችሁ፣ ከፈቀደ (መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ይሄ ማሽን አዲሱን ጅማት ሊወጥር ስለሚችል ሳትጠይቁ አትሞክሩት) ጂም ውስጥ ተቀምጠው እግር የሚዘረጉበት ማሽን ላይ በአንድ በአንድ እግር ሥሩ። ጤነኛው 40 ኪሎ፣ የተሠራው 30 ኪሎ በእኩል ድግግሞሽ ካነሳ፣ 30ን ለ40 አካፍሉ፤ 75 ከመቶ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ቢያንስ 90 ይጠብቃሉ። ይሄም ቢሆን ወጥመድ አለው። ለወራት ሳትጫወቱ ስትቀመጡ ጤነኛው እግርም ይደክማል፣ ስለዚህ የደከመ እግር 90 ከመቶ ብዙም አያኩራራም። ቀዶ ጥገናው ገና ካልተደረገላችሁ ዛሬውኑ ጤነኛውን እግር አስለኩና ቁጥሩን ያዙት።

በአንድ እግር ርቀት መዝለልም ይለካል፣ ግን ብቻውን አትመኑት። ዳሌና ቁርጭምጭሚት የጭኑን ሥራ ይሸፍኑለታል፣ ርቀቱ እኩል መጥቶ ጭኑ ግን ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁ ከፊት ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ይገባል? ሳታጠፉት ደርቆ ያርፋል? እንደዚያ ከሆነ ገና ነው።

በየቀኑ አትለኩ፣ በወር አንዴ ይበቃል። ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከልምምድ በፊት፣ ቢቻል ያው ሰው ይለካችሁ። ጉልበቱ በለካችሁበት ቀን ካበጠ የዚያን ቀን ቁጥር አትመዝግቡ፣ በረዶ ያዙበትና ለፊዚዮአችሁ ደውሉ።