አሮጌ መኪና ሲሞቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ መቼ ነው የሚሞቀው?

አሮጌ መኪና ሞቀ ሲባል ጥርጣሬው ቶሎ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ላይ ያርፋል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት መኪናው መቼ እንደሚሞቅ ለዩ። በነገራችን ላይ፣ የሙቀት ጌጁና የነዳጅ ጌጁ አብረው ከፍ ካሉ ሞተሩ ላይሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው፤ እሱ ሲበላሽ ሁለቱም ይዋሻሉ።

ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ። የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ቆሞ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል

የነፋስ ችግር ነው። የቬንትሌተሩን (የማራገቢያውን) ቺንጋ፣ ማለትም የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በጣት ጫን አድርጉት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ ወጥሩት፤ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ቬንትሌተሩን የሚከበው ሽፋን መኖሩንም እዩ። ለጥገና ተፈትቶ በዚያው የሚቀርበት መኪና ብዙ ነው። እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን ከጎን ያለውን አየር ይስባል።

ሲፈጥን ወይም ዳገት ላይ ይሞቃል

እዚህ ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም። በጣም የሚዘነጋው የታችኛው ማኒኮቶ ነው፤ ውሃውን ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ። ነዳጅ ስጡና እዩት፤ ከተጨማደደ ፓምፑ ሲስብ እየተጣበቀ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ይህን የሚከላከል ሽቦ አለ፤ እሱ ዝጎ ካለቀ ማኒኮቶውን መቀየር ነው።

ማኒኮቶው ደህና ከሆነ ሞተሩን አጥፉና ሞቅ እንዳለ የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ ዳስሱ። ቀዝቃዛ ቦታ ካለ እዚያ ተደፍኗል። ታዲያ ራዲያተር ብቻ አጽድቶ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው፤ ዝገቱ የሚከማቸው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሥር ነው። የብሎኩን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን ፍቱ። ምንም ካልወጣ በሽቦ ቆርቁሩና በተቃራኒ አቅጣጫ ውሃ ልቀቁበት።

ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ይሞቃል

የሙቀት ጌጁ ከፍ ብሎ የላይኛው ማኒኮቶ ቀዝቃዛ ከሆነ ተርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ፣ አልከፈተም። አውጥታችሁ በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቁት። 82 የሚል ከተጻፈበት በ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ካልከፈተ በአዲስ ቀይሩት እንጂ አውጥታችሁ ያለ ተርሞስታት አትንዱ፤ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ቶሎ ያልቃል።

ውሃ ያጎድላል፣ መሬት ላይ ግን አይንጠባጠብም

ክዳኑን ከቀዝቃዛ ሞተር ላይ አንሱና አስነሱት። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የተበላሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ በብሎኩና በላዩ ባለው የሞተሩ ክዳን (ቴስታታ) መካከል ያለው ማሸጊያ። መኪናውን አትንዱት፤ ቴስታታው ተፈትቶ መጣመሙ ይለካ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከሞቀ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ እሳት ዘግይቶ እንደሆነ አስፈትሹ።