የዱር ቲማቲም አጠውልግ የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ይቋቋም እንደሆነ እንዴት እንፈትሽ?

አራት ኪሎ አካባቢ በመስታወት ቤት የምትሠሩ ተማሪዎች፣ መጀመሪያ ሙቀቱን አስተካክሉ። ራልስቶኒያ የሚባለው የአጠውልግ ባክቴሪያ በደንብ የሚያጠቃው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነው፤ የአዲስ አበባን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብርድ ያተረፈውን ችግኝ በሽታውን ቻለ ብላችሁ እንዳትመዘግቡ።

የዱሩ ዘር፣ ለምሳሌ ሶላነም ፔሩቪያነም፣ ቶሎ አይበቅልም። በረኪናን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በደንብ እጠቡት። በሽታውን የሚቋቋመውን ሃዋይ 7996 የተባለ የቲማቲም ዝርያ እና ቶሎ የሚሞት ሌላ ዝርያ ለማነጻጸሪያ አብራችሁ ትከሉ፤ ያለ እነሱ ውጤታችሁን ማንም አያምንም፣ እኔም አላምንም።

ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ሥሩን በአንድ ጎን በቢላ ቆረጥ አድርጉና፣ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ያለበትን ውሃ አፈሩ ላይ አፍስሱ። በየሁለት ቀኑ ነጥብ ስጡ፦ 0 ጤነኛ፣ 4 የሞተ።

የጠወለገ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም፣ ጠምቶትም ይሆናል። ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ፣ ባክቴሪያው ነው። አረንጓዴ ሆኖ የቆመውንም አትለፉት፤ ባክቴሪያውን በውስጡ ይዞ ምንም ምልክት የማያሳይ አለ፣ ስለዚህ ከግንዱ ናሙና ወስዳችሁ ባክቴሪያው ይኖርበት እንደሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጋችሁ እዩ።

አፈሩንም ውሃውንም አውቶክሌቭ ሳታደርጉ (በግፊት እንፋሎት ሳትቀቅሉ) የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ እንዳትደፉ፣ አደራ። ይሄ በሽታ ድንችና ቃሪያም ይገድላል፣ አቃቂ በኩል ያሉት ገበሬዎች ደግሞ አትክልታቸውን የሚያጠጡት የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ ነው።