የንግሥት ሜቭን ታሪክ ለጎንደር አድማጭ እንዴት መተረክ ይቻላል

የአየርላንዷ ንግሥት ሜቭ አፈ ታሪክ የሚታወቀው በጦርነቱ ቢሆንም፣ በትምህርት ቤት የንባብ ክበብም ሆነ በቤት ውስጥ ቡና ላይ ለጎንደር አድማጭ ሲተረክ መጀመር ያለበት ከመኝታ ቤት ክርክር ነው። እኔ መጀመሪያ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስተርከው በጀግኖች ስም ዝርዝር ስለጀመርሁ፣ አምስተኛው ስም ላይ ሳልደርስ የኋላው ወንበር ወሬውን ይዞት ነበር።

ሜቭ በአየርላንድ ምዕራብ የምትገኘው የኮናክት ንግሥት ስትሆን፣ መናገሻዋ ክሩኸን ይባላል። አንድ ሌሊት ባሏ አሊል እሱን ካገባች ወዲህ ኑሮዋ እንደተሻሻለ ቢነግራት፣ ከእሱ በፊትም ባለጸጋ እንደነበረች መለሰችለት፤ ነገሩ በቃል አልበርድ ስላለም የሁለቱ ሀብት ወጥቶ ይቆጠር ጀመር። ድስቱና ባልዲው፣ ወርቁና ልብሱ፣ በጉ፣ ፈረሱ፣ አሳማውና ላሙ ሁሉ እኩል ሆነ፤ አንድ ኮርማ ብቻ ጎደለባት። ይህ ኮርማ ከራሷ መንጋ የተወለደ ሲሆን፣ የሴት ንብረት መባልን ንቆ ወደ ባሏ መንጋ የተሻገረ ነው።

ቆጠራውን አያሳጥሩት። ትዳር ሲመሠረት የሁለቱ ወገን ከብት በሽማግሌ ፊት እንደሚቆጠር የሚያውቅ አድማጭ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በጥንቱ የአየርላንድ ሕግም በትዳር ውስጥ የማን ቃል እንደሚበልጥ የሚለካው እያንዳንዳቸው ባመጡት ሀብት ስለነበር፣ የሜቭን ቁጣ እንደ ቅብጠት አድርጎ መተረክ ስሕተት ነው።

የኮርማዎቹን ስም ግን በአማርኛ ይጥሯቸው። የአሊልን «ነጭ ቀንዱ»፣ ሜቭ የፈለገችውን፣ በሰሜን አየርላንድ ደሴት ባለው በኡልስተር ግዛት ኩሊ በተባለ ቦታ የሚገኘውን ኮርማ ደግሞ «ዳማው» ቢሏቸው ከገጠር የመጣ አድማጭ ወዲያው በዓይነ ኅሊናው ያያቸዋል። ሜቭ ዳማውን ለአንድ ዓመት በውሰት እንዲሰጧት 50 ጊደር፣ መሬትና ሠረገላ ሰጥታ መልእክተኞች ላከች፤ ባለቤቱም በደስታ ተስማማ። ማታ ግን ከመልእክተኞቹ አንዱ ሞቅ ሲለው «ባይሰጠንም በግድ እንወስደው ነበር» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ውሰቱ ቀርቶ ዘመቻው መጣ። የሜቭ ስም ራሱ «አስካሪዋ» ከሚል ትርጉም ጋር መያያዙንና ከማር መጠጥ ስም ጋር መዛመዱን እዚህ ላይ ቢጠቅሱ፣ በጠጅ አገር ሳቅ አያጡም።

ዘመቻውን በአጭሩ ይለፉት። የኡልስተር ወንዶች ማኻ በተባለች የአፈ ታሪክ ሴት እርግማን የምጥ ሕመም ይዟቸው ስለወደቁ፣ የ17 ዓመቱ የኡልስተር ጀግና ኩ ኹለን ብቻውን ድንበር ይጠብቃል። የሚያዘገዩት በወንዝ መሻገሪያው ላይ ነው፤ ሜቭ ሴት ልጇን እንደምትድርለት ቃል ገብታ አብሮ አደጉን ፈርዲያን አዝምታበታለችና። ሁለቱ ቀን ሲዋጉ ውለው ማታ ኩ ኹለን ከመድኃኒቱ እኩሌታ፣ ፈርዲያም ከምግቡ እኩሌታ ይላላካሉ፤ ፈረሶቻቸው በአንድ በረት፣ ሠረገላ ነጂዎቻቸው በአንድ እሳት ዳር ያድራሉ። በአራተኛው ቀን ፈርዲያ ይሞታል። ፉከራና ቀረርቶ የለመደ አድማጭ እዚህ ዝም ስለሚል፣ ዝምታውን በማብራሪያ አያቋርጡት።

ቁስቋም ላይ ወይም ፋሲል ግቢ ውስጥ የሚተርክ ሰው ሜቭን ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ማወዳደር ያምረዋል፤ ቢተወው ይሻላል። ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የገዛች፣ ያሠራችው የቆመላት የታሪክ ሰው ናት፤ ሜቭ ግን ታሪኳ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የብራና መጻሕፍት የተጻፈላት የአፈ ታሪክ ንግሥት ናት። በአየርላንድ ስላይጎ አውራጃ ባለው በክኖክናሬ ተራራ ላይ መቃብሯ የሚባለው የድንጋይ ክምርም ከእነዚያ ብራናዎች በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል፤ እሷም በውስጡ ፊቷን ወደ ኡልስተር አዙራ እንደ ቆመች ይነገራል።

በመጨረሻ ዳማው ነጭ ቀንዱን ገድሎ፣ አገሩ ደርሶ ራሱም ይሞታል፤ ሁለቱም ኮርማ ለማንም አልሆነም። ስለ ሜቭ አሟሟት መጠየቁ አይቀርምና ተዘጋጅተው ይቅረቡ፦ በሐይቅ ውስጥ ስትታጠብ፣ እናቱን የገደለችበት የእኅቷ ልጅ በወንጭፍ አይብ ወርውሮ ግንባሯን መታት። ይህን ከመናገርዎ በፊት ግን አይቡ እንደኛው ፍርፍር የሚል ሳይሆን ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ መሆኑን ያስረዱ።