አባታችሁ ጭንቅላት ውስጥ ደም ተጠራቅሟል ከተባለ፦ ደም ስርን ከውስጥ ለሚደፍነው ሕክምና እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

ሜሪላንድ ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሐበሻ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር "እስኪ አስረጂያቸው" የምባለው እኔው ነኝ።

አባባ ይወድቃሉ፣ "ደህና ነኝ" ይላሉ። ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ መንገዳገድና መርሳት ይመጣል። እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። አንጎልና ሽፋኑ መካከል ደም ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ስካን ያሳየዋል። አንድ ጎናቸው ከደከመ ወይም አልነቃ ካሉ ግን ቀጠሮ የለም፤ 911 ደውሉ።

ደሙ አንጎልን ከተጫነ የራስ ቅል በትንሹ ተበስቶ ይፈሳል። ጣጣው ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ደሙን የከበበው አዲስ ሽፋን ስስ ደም ስሮች አሉት፣ እነሱ ያንጠባጥባሉ። ስለዚህ ዋናውን መጋቢ ደም ስር ከውስጥ መድፈን ተጀመረ። በ2024 ውጤቱ በወጣው ኤምቦላይዝ በተባለው ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ብቻ ከተደረገላቸው 11.3 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ደሙ ተመልሶ ወይም ብሶ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ደም ስሩም ከተደፈነላቸው ግን 4.1 በመቶው ብቻ። "ለአባታችንስ ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስትመጡ የመድኃኒት ብልቃጦቹን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ዋርፋሪን፣ አስፕሪን፣ ከአገር ቤት የተላከ የባህል መድኃኒትም ቢሆን አትደብቁ። ደም ማቅጠኛን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ይወስን። የኩላሊት ችግር ካለም ተናገሩ፣ ለራጁ የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ቀጭን ቱቦ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ገብቶ፣ በራጅ እየታየ ወደ ላይ ይወጣል። "አንጎላቸው ደም ሊያጣ ነው?" የማይለኝ ቤተሰብ የለም። የሚደፈነው የአንጎሉን ሽፋን የሚመግበው ደም ስር ነው እንጂ አንጎሉን የሚመግበው አይደለም። ሆኖም አልፎ አልፎ ዓይንን፣ የፊት ነርቭን ሊጎዳ፣ ስትሮክም ሊያስከትል ይችላል። ሳትፈርሙ ይህን በደንብ አስረዱን በሉ።

መድፈኛው ኦኒክስ የሚባለው ፈሳሽ ከሆነ ትንፋሻቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከማሟሟያው ነው፣ ያልፋል። አንዲት እማማ ልጃቸውን "ምን አብልተሽኝ ነው?" ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ።

ከሕክምናው በኋላ ቱቦው የገባበት ቦታ ካበጠ ወይም ከደማ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ነርስ ጥሩ። በማግስቱ ሲቲ ላይ ደም ቢታይ አትደንግጡ። ደም ስሩ መደፈኑ ያለውን ደም አያጠፋም፤ ሰውነት ራሱ በሳምንታትና በወራት ይመጠዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ቀጣዩ ሲቲ መቼ እንደሆነና ደም ማቅጠኛው መቼ እንደሚጀመር በወረቀት አስጽፉ።